ስለ ዳይሬክተሩ ውይይት ይደረጋል፦ የፊልም ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍን። «ዓርብ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለው ክፍል ስለ ዳይሬክተሩ ውይይት ይደረጋል» ይላል። ከሥሩ በትንሹ «የፊልም ክበብ» ተብሎ ተጽፏል። ያችን ትንሽ ጽሑፍ ያነበባት የለም።

ዓርብ ዕለት ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። መስኮት ላይ የተንጠለጠሉ ሁሉ ነበሩ። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ ሁለት ገጽ አቤቱታ ጽፎ መጥቷል። ዳይሬክተራችንም ወሬው ደርሷቸው ኖሮ በሩ ላይ ብቅ አሉ። የምንወያየው ስለ ፊልም ዳይሬክተር እንደሆነ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጁ አቤቱታውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። (ውኃው ጥር ላይ መጣ። ወረቀቱ ደርሶ ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም።)

በሚቀጥለው ዓርብ 14 ልጆች ቀሩ። የዘንድሮው ክበባችን እነሱ ናቸው።

አምና በየሳምንቱ አዲስ ፊልም እናይ ነበር። አዲሱ ሲመጣ ያለፈው ይረሳል። ዘንድሮ አንድ ሰው መርጠን ዓመቱን ሙሉ ከእሱ ጋር እንክረም አልን። የመረጥነው ጂም ጃርሙሽን ነው። በ1953 በአሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ። (የእሱንም የፊልሞቹንም ዓመት የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ወጣት እያለ ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር። ፊልሞቹ ላይ ሙዚቀኞች ይተውናሉ፦ ቶም ዌይትስ፣ ጆ ስትራመር፣ ኢጊ ፖፕ። ልጆቹ ግን አንዳቸውንም አያውቋቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ ጃርሙሽን ያስወደድኳቸው በሙላቱ አስታጥቄ በኩል ነው።

ፊልሞቹ ሁሉ ለተማሪ የሚሆኑ አይደሉም። ስለዚህ ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ አያለሁ፤ ለክፍል የሚሆነውን ቆርጬ አመጣለሁ። ልጆቹ «ቲቸር መቀስ» የሚል ስም አወጡልኝ። አንድ አባት «ልጄን ምንድነው የምታሳዩት?» ብለው በቁጣ መጥተው ነበር። ያን ዕለት የምናደምጠው «የግሌ ትዝታ» ስለነበር ቁጭ ብለው አደመጡ። ሲጨርሱ ቁጣውን ረስተውት ስለ ወጣትነታቸው ያወሩን ጀመር።

ዋናው ፊልማችን የ2005ቱ «ብሮክን ፍላወርስ» ነበር። በዚያው ዓመት በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ግራንድ ፕሪ የሚባለውን ሽልማት አግኝቷል። ተዋናዩ ቢል መሪ የሚጫወተው ዶን የሚባል ሰው ፊርማ የሌለው ደብዳቤ ይደርሰዋል። «የ19 ዓመት ልጅ አለህ» ይላል። ከድሮ ፍቅረኞቹ የትኛዋ እንደጻፈችው አያውቅም። ሰውየው ከሶፋው መነሳት እንኳ የሰለቸው ነው። የሚያስነሳው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ስሙም ዊንስተን።

«ዊንስተን?!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ለ10 ደቂቃ ሌላ ነገር ማውራት አልተቻለም። አንዷ «ወልደ ሥላሴ ነበር፣ አሜሪካ ሲገባ ቀይሮት ነው» ብላ ገላገለችን። ተዋናዩ ጄፍሪ ራይት አሜሪካዊ ነው። ልጆቹ አማርኛ እስኪያወራ ጠብቀው ጠብቀው ተስፋ ቆረጡ።

ዊንስተን የበረራውን ትኬት፣ ሆቴሉን፣ ካርታውን ሁሉ አዘጋጅቶ ዶንን ያስነሳዋል። ለመንገድ ደግሞ ሲዲ ይሰጠዋል። ዶን መኪናውን ሲያስነሳ የሚሰማው የሙላቱ ሙዚቃ ነው፤ «የከርሞ ሰው»፣ «ጉብልዬ»፣ «የግሌ ትዝታ»።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሞከርን። የመኪናዋን ቦታ መጀመሪያ እንዳለ አየናት። ከዚያ ድምፁን አጠፋነው። ሰውየው የጠፋበት ቱሪስት መሰለ። ቀጥሎ አንዱ ከስልኩ የሰርግ ዘፈን ለቀቀበት፤ አሁን ሙሽራ ሊያመጣ የሚሄድ ሚዜ ሆነ። ሌላዋ መዝሙር አደረገችበት፤ ንስሐ ሊገባ የሚሄድ ሆኖ አረፈው። መንገዱ ያው፣ ፊቱ ያው። ቢል መሪ ፊቱን አንዴም አላንቀሳቀሰም። መጨረሻ ላይ ወደ ሙላቱ ስንመለስ ክፍሉ ዝም አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ «ፊልሙን አየሁት» ማለት ትተው «ሰማሁት» ይሉ ጀመር። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ አሁን ግን ለምዶባቸዋል።

ክርክሩ የተነሳው ከዚያ ነው። «ሙላቱ ይህንን ለፊልሙ ብሎ ነው የሠራው?» አለ አንዱ። አይደለም። ሙዚቃው የተቀረጸው ፊልሙ ከመሠራቱ ከ30 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በ1998 ፈረንሳይ ውስጥ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው ተከታታይ፣ በ4ኛው ሲዲ ላይ ታትሞ ነበር። ለፊልም ከተሠራ ሙዚቃ ተመርጦ ፊልም ውስጥ የገባ ሙዚቃ እንደሚለይ ያኔ ገባቸው። የ12ኛ ክፍሏ ጸሐፊያችን ግን ሌላ ነገር አስከፍቷታል። «ሙዚቃው የኛ፣ መንገዱ የነሱ። ኢትዮጵያዊው ሲዲውን ሰጥቶ ቤቱ ቀረ» አለች። ጨው እንጂ ወጡ አልሆንንም ማለቷ ነው። ሌላው ተነስቶ «መንገዱን የጠረገው ማን ሆነና! ዊንስተን ባይኖር ፊልሙ ሶፋ ላይ ያልቅ ነበር» አላት። ሁለት ዓርብ ፈጀ። እኔ ወደ ልጁ አደላለሁ፤ ሲዲው ከውጭ የተለጠፈ ሳይሆን ከጎረቤት እጅ የተሰጠ ነውና። ስለ ቤት መቅረቱ ግን እሷ የተናገረችው እውነት ነው። አሁንም ትዝ ሲለኝ ይከነክነኛል።

ፊልሙ የሚያልቀው ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ሳይታወቅ ነው። «ከዚያስ?» አሉ ልጆቹ። ከዚያማ የለም። «ቲቸር፣ እርስዎ ቆርጠውት ነው!» ተባልኩ። አለመቁረጤን ለማሳየት የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ደግሜ አሳየሁ። ያመነኝ ግማሹ ነው።

ከገና በኋላ «ዴድ ማን»ን ጀመርን። የ1995 ነው፤ ጥቁርና ነጭ። ማጀቢያውን ሙዚቀኛው ኒል ያንግ ፊልሙን እያየ፣ በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ጊታር ብቻ፣ እዚያው እየፈጠረ ነው የተጫወተው። ክራር የሚጫወት አባል አለን። አምስት ደቂቃ ያህል በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ «ይሄ ሰውዬ ገና እየቃኘ ነው። መቼ ነው የሚጀምረው?» አለ። ሁለት ልጆች ደግሞ ተኙ። ያኔ ተናድጄ ነበር። በሳምንቱ ግን ያው የክራር ልጅ ክራሩን ይዞ መጣና ድምፁ የጠፋውን ፊልም እያየ ይነካካ ጀመር። ትዝታን ሞከረ፣ ባቲን ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ቅኝት ሲገባበት ታሪኩ ያለቀ ይመስላል። ለካ ሰውየው አውቆ ነው የማይጀምረው» አለኝ። ስለ ኒል ያንግ ሙዚቃ የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንደዚህ ያስረዳኝ ግን የለም።

በ1999 የወጣውን «ጎስት ዶግ» አሳይቼ ብዙ አልሄድንበትም፤ ተኩሱ ይበዛል፣ መቀሴም ደከመ። ሙዚቃውን የሠራው ዉ-ታንግ ክላን ከሚባለው የሂፕ ሆፕ ቡድን ሪዛ ነው፤ ሂፕ ሆፕ የሚወዱት ልጆች ምቱን ጠረጴዛ ላይ እየደበደቡ ጎረቤት ክፍል አስቀየሙን። አንዱ ቦታ ግን ቀረብን። ጀግናው የሚያወራው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ አይስክሬም ሻጩ ጓደኛው ደግሞ ፈረንሳይኛ ብቻ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም፤ ግን እየተግባቡ ያወራሉ። እዚህ ሐዋሳ ከተማ ያደገች አንዲት አባል «እኔና አያቴ እንደዚህ ነን። እሷ በሲዳምኛ፣ እኔ በአማርኛ» አለች። ክፍሉ ውስጥ እጁን ያወጣውን ብታዩ!

መብራት ሦስቴ ሄደብን። ድምፅ ማጉያውን የተዋስነው ከስፖርት ክበብ ነው፤ ገመዱ ጠፍቷል፤ ያየ ያምጣልን።

በ2016 የተሠራው «ፓተርሰን» የዓመቱን መጨረሻ ያዘልን። ሰውየው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ በፊት ደብተሩ ላይ ግጥም ይጽፋል። አንድ ቀን ውሻው ደብተሩን ብጭቅጭቅ ያደርገዋል። ግልባጭ የለውም። በዚህ ፊልም ሙዚቃው የራሱ የጃርሙሽ ባንድ የስኩረል ነው። ልጆቹ ለውሻው እንጂ ለሙዚቃው ጆሮ አልነበራቸውም። ሲወጡ ግን አንዱ በር ላይ የቆመ ባጃጅ አይቶ «ይሄም ገጣሚ ነው፤ ጀርባውን አንብቡት» አለ።

የአራት ደቂቃ ፊልማችን ከዚያ ተወለደ። ሁለት ቅዳሜ ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል እየዞሩ ባጃጅ ጀርባ የተጻፈውን ሰበሰቡ፤ ምክሩን፣ ቀልዱን፣ ፍቅሩን፣ ለቀናተኛ የተላከውን። መስመሮቹን ቀጣጥለው አንድ ግጥም አደረጉት። አንድ ሹፌር ሊያነብላቸው ፈቀደ። የባጃጁ ሞተር ድምፁን ስለዋጠው የተቀዳው ሁሉ አይሰማም። አንድ ቀን ሙሉ ተከፍተው ዋሉ። ከዚያ ንባቡን ተዉትና ጽሑፉ ብቻ እየታየ፣ ሞተሩ ከሥር እያጉረመረመ፣ የክራሩ ልጅ ከላይ እንዲነካካ አደረጉ። መሐል ላይ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ የሐይቅ ዳር ወፍ፣ በካሜራው ፊት ቀስ ብሎ ያልፋል። ማንም አልጠራውም።

የመጨረሻው ቦታ ላይ ባጃጇ ወደ ሐይቁ መንገድ ትታጠፋለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ጽሑፍ ግማሹ ተፍቋል፤ ሳይነበብ ትርቃለች።

ሰኔ ላይ ለወላጆች ስናሳይ ዳይሬክተራችን ፊት ወንበር ላይ ነበሩ። መብራቱ ሲበራ ወደ ልጆቹ ዞረው «ከዚያስ?» አሉ።

14ቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ቲቸር መቀስ ቆርጠውት ነው!»