መጽሐፉን ልኬልሻለሁ፣ መጀመሪያ ግን ይሄን አንብቢልኝ

የኔ እናት እንደምን ሰነበትሽ፣ ሀዋሳ ዝናቡ ጠንክሯል አሉ ጃኬትሽን ሳትይዢ እንዳትወጪ። መጽሐፉን ጓደኛሽ ቅዳሜ ስትመጣ ትሰጥሻለች፣ ያ በስልክ የነገርኩሽ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ነው፣ ቢሮ ያሉት ሴቶች ሁሉ እንቅልፍ አጥተውበታል። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ተራ የያዙት ሰዎች ስም በእርሳስ ተጽፏል፣ ያነበበ ሰው ስሙን ይሰርዝና ለሚቀጥለው ይሰጣል። አንዷ ደግሞ እናትየው ሁሉን እያወቀች ዝም ባለችበት ገጽ ጠርዝ ላይ "አንቺ ሴትዮ ተናገሪ እንጂ!" ብላ ጽፋበታለች፣ ስትደርሺበት ታይዋለሽ።

መጨረሻውን አልነግርሽም። መነሻው ግን ልጅቷ እናቷን ከቀበረች በኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቆለፈ ሳጥን ታገኛለች፣ ስትሰብረው የፍርድ ቤት ወረቀትና የማታውቃት ሴት ፎቶ፣ ከዛ በኋላ ማታ ማታ ስልክ ይደወላል የሚደውለው ግን አይናገርም፣ ዘመድ የተባለ ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለው። እውነቴን ነው የምልሽ ሁለቴ መብራት አጥፍቼ ሁለቴም ተነስቼ አብርቻለሁ።

ታዲያ ምሳ ሰአት ቡና ላይ ስናወራ አብዛኞቹ ምን አሉ መሰለሽ፣ "ባታውቅ ይሻላት ነበር፣ እናትየዋ ወረቀቱን ማቃጠል ነበረባት።" እኔ ይሄን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልጅቷን የጎዳት ጉዲፈቻ መሆኗ አይደለም፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አለማወቋ ነው። አክስት ታውቃለች፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ሰራተኛዋ ታውቃለች፣ የነገሩ ባለቤት እሷ ግን አታውቅም።

ይሄ ልቦለድ ላይ ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስልሽ። እኛ አገር ልጅ ወስደው ወሬው እንዳይከተላቸው ሰፈር የሚቀይሩ አሉ፣ "መሀን ናት" እንዳይባሉ ነው፣ ልጁ ሲያድግ ጥሎኝ ይሄዳል ብለውም ይፈራሉ፣ አልፈርድባቸውም ስድቡን እኔም ሰምቼዋለሁ። ግን ሚስጥሩ እንዳይወጣ ብለው ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ይቀራሉ፣ ስምምነቱ በዳኛ ካልጸደቀ ደግሞ በህግ ጉዲፈቻ አይደለም፣ አሳዳጊዎቹ ሲያርፉ የሟች ወንድሞች ይመጡና "ወረቀትህን አምጣ" ይሉታል፣ ያን ቀን ልጁ እናቱንም ታሪኩንም ቤቱንም አንድ ላይ ያጣል። የሰፈራችንን ልጅ ታስታውሺዋለሽ አይደል፣ ከለቅሶው ድንኳን ሳይወጣ ነው የነገሩት።

እኔና አባትሽ ስንወስድሽ አጎትሽ ከሆሳዕና መጥቶ ዳኛዋ ፊት አብሮን ቆሞ ነው የፈረመው። ያኔ ጊዜው የውጭ ጉዲፈቻ የጦፈበት ነበር፣ በ2002 ዓ.ም አካባቢ ወደ አሜሪካ ብቻ በአንድ ዓመት ከ2 ሺህ 500 በላይ ልጆች ሄደዋል፣ እሱንም "ለውጭ ስጣት፣ ተምራ ተመልሳ ትረዳችኋለች" ብለውት ነበር፣ እንቢ ያለው "የት እንዳለች ካላወቅኩ እንዴት ብዬ እተኛለሁ" ብሎ ነው። በደቡብ በኩል እንደዛ ተብለው የፈረሙና ልጃቸው ለትምህርት የሄደ የመሰላቸው ስንት ወላጆች አሉ፣ ወደ ውጭ መስጠቱ በ2010 ጥር ላይ በህግ ተከለከለ እነሱ ግን አሁንም ይጠብቃሉ። ልጆቹም አድገው ፎቶ ይዘው እየመጡ ነው፣ "ቤተሰብ ፍለጋ" የሚባል ከወላጆቻቸው ጋር የሚያገናኛቸው ድርጅትም አለ።

በመጽሐፉ ያናደደኝ አንድ ነገር ይሄ ነው፣ ደራሲው የልጅቷን ወላጅ እናት ጭራቅ አድርጎ ስሏታል፣ ማስፈራሪያ ሲያስፈልገው እሷን በጨለማ ያቆማታል። ልጅ የሰጠች እናት ሁሉ ልቧ ድንጋይ ነው እንዴ? ያንቺ እናት በህመም እስክትሸነፍ ድረስ በጀርባዋ አዝላሽ ነው እንጀራ ስትጋግር የነበረው፣ ይሄን አጎትሽ ነግሮኛል እኔም ከልጅነትሽ ጀምሮ ነግሬሻለሁ። ፎቶዋን ሳሎን ስሰቅለው ዘመድ ሁሉ አውርጂው ብሎኛል፣ ልጅቷ ግራ ትጋባለች፣ አንቺን እናቴ አትልም ብለውኛል። አላወረድኩትም። ህጉ ራሱ እኮ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም ነው የሚለው፣ ከሁለቱ መምረጥ ግድ ከሆነ የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል ይላል፣ እኔ ግን ምረጪ የሚልሽ ሰው ፊትሽ እንዲቆም አልፈልግም።

ስታነቢው መሀል ላይ አጎትየው "አንቺ የእኛ ደም አይደለሽም" የሚልበት ቦታ አለ። እኔ እዛ ጋ መጽሐፉን ዘግቼ አልቅሻለሁ፣ አክስትሽ በአባትሽ ተዝካር ቀን የተናገረችው ትዝ ብሎኝ ነው፣ አንቺም ትዝ ይልሻል ብዬ ሰጋሁ። እዛ ስትደርሺ ደውይልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን ደውይ፣ ብቻሽን እንዳታልፊው።

ካነበብሽው በኋላ አብራሽ ለምትኖረው ልጅ ስጫት፣ ግን ሌሎች ተራ ይዘው ስለሚጠብቁ ከእናንተ ውጪ ለሌላ ሰው እንዳታውሱ። አንቺም ጠርዙ ላይ የመሰለሽን ጻፊበት፣ ቡና ላይ የሚከራከሩት ሴቶች ካንቺ ቢሰሙ ደስ ይለኛል፣ ስምሽን መጻፍ ካልፈለግሽ ተይው።

ሌላው ደግሞ አጎትሽ ትናንት ደውሎ ነበር፣ አያትሽ ጉልበቷ ደክሟል መንገድ አትችልም፣ ለያሆዴ፣ ለሀዲያ አዲስ ዓመት፣ ልጄን አምጡልኝ እያለች ነው። ከሀዋሳ በሀላባ በኩል ብትወጪ ሩቅ አይደለም፣ እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ ሆሳዕና መናኸሪያ እንገናኛለን፣ ብቻሽን መሄድ ካማረሽም አልከፋም ንገሪኝ። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ኮፒ መጽሐፉ ውስጥ አድርጌልሻለሁ፣ ዋናው እኔ ጋ ነው፣ ኮፒው አንቺ ጋ ይቀመጥ። ለመስቀል ሰሞን ስንት ቀን ፈቃድ እንደሚሰጡሽ ዛሬውኑ ጠይቂ፣ እኔም አለቃዬን በጊዜ ልንገረው።

እናትሽ