ግድግዳው ከመነካቱ በፊት ጥሩን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አሠራራችንን ስለቀየርን ነው። ከእንግዲህ ክፍል ለመጨመር፣ ፎቅ ለማውጣት ወይም የውስጥ ግድግዳ ለማንሳት ለሚመጣ ደንበኛ፣ ቤቱን በአካል ሳናይና የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውን ጽሕፈት ቤት ሳናማክር የሥራ ዋጋ አንሰጥም። ለቸኮለ ሰው መጓተት እንደሚመስል እናውቃለን። ስለዚህ ለምን እዚህ ውሳኔ ላይ እንደደረስን መንገር አለብን።

አንድ ደንበኛችን ሳሎኑንና ማዕድ ቤቱን አንድ ለማድረግ በመሃል ያለውን ግድግዳ እንድናፈርስለት ጠየቀን። በስልክ በነገረን ልኬት ዋጋ ሰጠነው፤ ተስማማን፤ ቀን ቆረጥን። ግንበኞቻችን ልስኑን ማንሳት ሲጀምሩ ግድግዳው ክፍል ለመለየት ብቻ የቆመ እንዳልሆነ ታወቀ። የላይኛው ሶሌታ፣ ማለትም ከላይ ያለው የአርማታ ወለል፣ ያረፈው በእሱ ላይ ነበር። ሥራው እዚያው ላይ ቆመ። በግድግዳው ፋንታ ጭነቱን የሚሸከም ቢም (አግድም ተሸካሚ) የሚያስገባ አዲስ ንድፍ ተሠርቶ ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ ቤተሰቡ ግማሹ ከተላጠ ግድግዳ ጋር ሳምንታት ከረመ። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ አስቀድመን ሄደን ማየት ነበረብን።

ሶሌታ ምን ያህል እንደሚከብድ ብዙ ሰው አይገምትም። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ሶሌታ በአንድ ካሬ ሜትር 375 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አራት በአራት በሆነ ክፍል ላይ ሲሰላ 6 ሺህ ኪሎ ይሆናል፤ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው፣ ዕቃውና ሰዉ ገና ሳይቆጠር። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ «ይሄ ምንም አልተሸከመም» የሚል ባለሙያ ከመጣባችሁ እባካችሁ አትቀበሉት። ግድግዳ መሸከም አለመሸከሙ የሚታወቀው ፕላኑን በማየት፣ ከላዩና ከሥሩ ምን እንዳለ በማጣራት፣ ካስፈለገም ትንሽ ቦታ ከፍቶ በመመርመር ነው።

ፎቅ ለመጨመር ለምታስቡም እንዲሁ። ፌሮው (በአርማታ ውስጥ የሚገባው ብረት) ከኮለኑ፣ ማለትም ከቋሚው ምሰሶ፣ አናት ላይ ተርፎ መቆሙ መሠረቱ ሌላ ፎቅ ይችላል ማለት አይደለም። ለዓመታት ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀበት ፌሮም ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ራሱ መመርመር አለበት። ጣሪያ ላይ ታንከር ማስቀመጥ ቀላል ነገር ይመስላል፤ 2 ሺህ ሊትር የሚይዘው ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ነው።

ከነባሩ ቤት ጎን የሚገነባ ክፍል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አሮጌው ቤት ከአፈሩ ጋር ተስማምቶ ሰርጎ ጨርሷል፤ አዲሱ ገና መስረግ ይጀምራል። ሁለቱን በግድ አጣብቀን ከሠራናቸው መገጣጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው አንዳንዴ በመካከላቸው ክፍተት የምንተወው። የአዲሱ መሠረት ጉድጓድ ከነባሩ መሠረት በታች ከወረደ ደግሞ የቆመው ቤት ሥሩ ይከፈታል። ይህ በጣም አደገኛ ስለሆነ ማንም በራሱ ግምት እንዲቆፍር አንመክርም።

አሁን ወደ ፈቃዱ። ብዙዎቻችሁ ንድፉ ተጠናቆ፣ ገንዘቡ ተከፍሎበት፣ ልብ ከወደደው በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ትሄዳላችሁ። የእኛ ምክር ተቃራኒው ነው፤ በእጅ የተሳለ ንድፍ ይዛችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከአጥር ምን ያህል መራቅ አለብን? ከቦታችን ስንት እጁ ላይ መገንባት ይፈቀዳል? ቁመቱስ? ወደ ጎረቤት የሚያይ መስኮት ይቻላል? ደንቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የዘመድ ቤት የተፈቀደለት የእናንተም ይፈቀድለታል ማለት አይደለም። በወረቀት ላይ ያለ መስመር በላጲስ ይጠፋል፤ የተሞላ አርማታ ግን በመሮ ነው የሚነሳው። ከተቻለ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ጽሕፈት ቤቱ የሚሰጣችሁ ምክር ግን ፈቃድ እንዳልሆነ አትርሱ፤ ሥራ የሚጀመረው ፈቃዱ እጅ ሲገባ ብቻ ነው። ቤቱን የሸጠላችሁ ሰው ያለ ፈቃድ የጨመረው ነገር ካለም ቀድሞ መታወቁ ይሻላል፣ አዲስ ማመልከቻ ስታስገቡ መነሳቱ አይቀርምና።

ጎረቤትንም ቀድማችሁ አነጋግሩ። 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 600 ሊትር ውሃ ነው። አሸንዳው ያን ውሃ ወዴት ይወስደዋል? ወደ ጎረቤት ግድግዳ ከሆነ ጠቡ ከቤቱ ጋር አብሮ ተሠራ ማለት ነው። ግድግዳው ወይም ጣሪያው የጋራ በሆነበት ሕንፃ ደግሞ የሌሎቹ ባለቤቶች ስምምነት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር በተለይ ያሳስበናል፦ ብርሃን። አዲሱ ክፍል የሚለጠፈው ብዙ ጊዜ መስኮት ባለበት ግድግዳ ላይ ነው፤ ያኔ መሃል ላይ የቀረው ክፍል በቀንም መብራት የሚበራበት ይሆናል። አንድ ክፍል አገኘን ስትሉ ሌላውን ታጣላችሁ። ስለዚህ ስንመጣ መጀመሪያ የምንጠይቃችሁ ስንት ካሬ እንደምትፈልጉ ሳይሆን ምን እንደጠበባችሁ ነው። በር ቦታ ማዘዋወር ወይም ቁም ሣጥን ግድግዳ ውስጥ ማስገባት የበቃበት ቤት አጋጥሞናል። እንዲህ ሲሆን ግንባታ አያስፈልጋችሁም እንላለን፤ ሥራው ቢቀርብንም።

ስትጠሩን የይዞታ ወረቀታችሁን፣ የቤቱ ነባር ፕላን ካለ እሱን፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር የት እንደሚያልፍ የምታውቁትን ያህል አዘጋጁልን። ፕላኑ ከጠፋ አትጨነቁ፣ እኛው እንለካለን። ቀለም ለመቀባት፣ የውስጥ በር ለመቀየር ወይም የማዕድ ቤት ቁም ሣጥን ለማሠራት ይህ ሁሉ አይጠየቅም፤ እንደ ቀድሞው በስልክ እንጨርሳለን።

ዋጋ ሰጥተናችሁ ሥራው ገና ያልተጀመረ ደንበኞቻችን፣ ቤታችሁን ለማየት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንመጣለን። የሚመቻችሁን ቀን ብቻ አሳውቁን፤ እስከዚያው ግን ምንም ነገር እንዳታፈርሱ አደራ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ንድፍና እድሳት ቡድናችሁ