ተቆልፎ የሚኖረው የኮምፒዩተር ክፍል

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ስለ ልጆችና ስልክ ያወጣችሁትን፣ ስክሪን ልጆችን ይጎዳል የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ከፊሉ ልክ ነው። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቲክቶክ ስታገላብጥ የምታመሽ ልጅ እኔም ቤት አለች። ግን ሁሉንም "ስክሪን" ብላችሁ በአንድ ስትጨፈልቁት ከነከነኝ።

ትንሹ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አጎቱ የሰጠው አሮጌ ላፕቶፕ አለው፤ ባትሪው ሞቷል፣ መብራት ጠፋ ማለት ሴቭ ያላደረገው ሥራ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። እዚያ ላይ ስክራች ጫንኩለት። ለማታውቁት፣ ስክራች አሜሪካ ኤምአይቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ልጆች ትእዛዞችን እንደ መጫወቻ ጡብ እየገጣጠሙ ጌምና ካርቱን ይሠሩበታል። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ቋንቋውም ወደ አማርኛ ይቀየራል (ይህን እንኳ የነገረኝ ልጁ ነው)።

ለፋሲካ ምን ሠራ መሰላችሁ? በግ ከገዢ የሚያመልጥበት ጌም። በጉን ራሱ ሣለው። ድምፁን ግቢያችን ታስሮ ከነበረው በግ ሊቀዳ ሄዶ፣ በጉ ዝም ብሎበት ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚያ አንድ ማታ "አባዬ፣ በጉ ወደ ግራ ሲሮጥ ቁጥሩ ለምንድነው ማይነስ የሚሆነው?" አለኝ። የስክራች መድረክ (ጌሙ የሚታይበት ሳጥን) መሃሉ ዜሮ ነው፤ ወደ ቀኝ እስከ 240፣ ወደ ግራ እስከ ማይነስ 240 ይቆጥራል። ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ክፍል ውስጥ ገና አልተማረም ነበር። በጉ ከስክሪኑ እየወጣ ስላስቸገረው ግን እኔ ሳላስረዳው ገባው።

ይኸው ልጅ አይሲቲ (የኮምፒዩተር ትምህርት) ፈተና ላይ ከ20 ዘጠኝ አመጣ። "ሲፒዩ የሚለው ምህጻረ ቃል ሲተነተን ምንድነው?" ዓይነት ጥያቄ ነው። መምህሩ ላይ አልፈርድም፤ ማውስን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥሎ ነው የሚያስተምረው። የኮምፒዩተር ክፍል ጠፍቶ ግን አይደለም። ለወላጆች ቀን ይከፈታል፣ ኮምፒዩተሮቹን ሽፋን እንደለበሱ አይተን እንወጣለን፣ ከዚያ ይቆለፋል። ለምን ስንል "ልጆች ያበላሹታል" ይሉናል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ (አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ) የተባለው ድርጅት ወንጪ አካባቢ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት ከነካርቶኑ ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። አበላሹ ይባላል እንግዲህ?

ትልልቆቹን ኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ለሚያስተምረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተመዝገቡ እያልን ነው፣ ጥሩ። ትንንሾቹ ግን ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሚሄዱት ሰፈራችን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ አንዱ ኳስ ሲጫወት አሥሩ ከኋላው ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። አልፈርድባቸውም፣ ክፍት ሆኖ የሚጠብቃቸው እሱ ብቻ ነው።

ለትምህርት ቤቱ በቃል ተናግሬ ስላልሆነ በእናንተ በኩል ልሞክር ብዬ ነው። ክፍሉን ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ክፈቱት። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የሚሰበር ማውስ ካለ ከኪሴ እተካለሁ።

አንድ ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ