እኩልነት የሚታየው በደመወዝ መክፈያው ላይ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ስለ ሠራተኛ ማኅበራት ስትጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የምታነጋግሩት የኮንፌዴሬሽንና የፌዴሬሽን አመራሮችን ነው። ይህ ባልከፋ። የሠራተኛው መብት የሚከበረውም የሚጣሰውም ግን በየድርጅቱ ባለው መሠረታዊ ማኅበር ደጃፍ ነው። እዚያ ያለ ተወካይ «ለእኩልነትና ለሠራተኛው መብት ቆሜያለሁ» ሲላችሁ ንግግሩን ከመቅዳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፤ የድርጅቱን የደመወዝ መክፈያ በእጁ ይዞ መደብ በመደብ አይቶት ያውቃል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታ ምክንያት በቅጥርም በክፍያም ማበላለጥን ይከለክላል። ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የሚለውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100ም አገራችን ያጸደቀችው በ1991 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ «ሴት ናትና ቀንስባት» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ አታገኙም። ልዩነቱ የሚደበቀው በመደብ ስም ውስጥ ነው። አንድ የስፌት መስመር ላይ ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ማሽን ይዘው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ እሷ «ረዳት» ትባላለች፣ እሱ «ቴክኒሺያን»። ደረጃው ሲለያይ ደመወዙ ይለያያል፣ ደመወዙ ሲለያይ የትርፍ ሰዓቱም የጡረታ መዋጮውም አብሮ ይለያያል።

ይህን ለማውጣት አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ይበቃል። ስም ሳይጻፍ መደቡ፣ ደረጃው፣ የቅጥር ቀኑ፣ መነሻ ደመወዙ፣ የአሁኑ ደመወዝ፣ አበሉና ፆታው ይሞላል። ከዚያ በአንድ ዓመት፣ በአንድ መነሻ ደመወዝ የተቀጠሩትን ብቻ ለይቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ማን የት እንደደረሰ ማየት ነው። ወንዶቹ ሁለት እርከን ወጥተው ሴቶቹ እዚያው ካሉ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው የደረጃ ዕድገት ኮሚቴው ቃለ ጉባኤና የውጤት መስጫ ቅጹ ነው። አዋጁ ሴትና ወንድ ተወዳድረው እኩል ውጤት ካመጡ ቅድሚያው ለሴቷ እንዲሰጥ ያዛል። ይህ ድንጋጌ በተግባር የሚከሽፈው ለቃለ መጠይቅ ብዙ ነጥብ ሲተው ነው። በጽሑፍና በተግባር ፈተና እኩል የመጡ ሰዎች ዝርዝር መስፈርት በሌለው ቃለ መጠይቅ በሁለት ነጥብ ይለያሉ፤ «እኩል ውጤት» የሚባል ነገርም አይገኝም። ተወካዩ መታገል ያለበት ውጤቱ ከተለጠፈ በኋላ ሳይሆን መስፈርቱ ሲወጣ ነው።

ሌላው መደበቂያ «ሳይቀሩ ለሠሩ» የሚሰጠው ወርሃዊ ማበረታቻ ነው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለሕክምና ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። የወሊድ ፈቃዱም 30 የሥራ ቀን ከመውለዷ በፊት፣ 90 የሥራ ቀን ከወለደች በኋላ ነው። ደመወዟ አይነካም፤ ግን ለአንድ ቀን ምርመራ ስትሄድ የወሩ ማበረታቻ ሙሉ በሙሉ ይቀርባታል። አሠሪው «ሕግ አልጣስኩም» ይላል። መፍትሔው ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ በሚፈርመው ኅብረት ስምምነት ላይ «በሕግ የተሰጠ ፈቃድ እንደ መቅረት አይቆጠርም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ማስገባት ነው። ያቺ ዓረፍተ ነገር የሌለችበት ስምምነት ስለ እኩልነት የፈለገውን መግቢያ ቢጽፍ ብዙም አይጠቅም።

የትርፍ ሰዓቱ ስሌትም መታየት አለበት። በወር 4,160 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በ26 ቀንና በ8 ሰዓት ሲሰላ የሰዓት ክፍያው 20 ብር ነው። በአዋጁ መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሠራው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 30 ብር፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ 35 ብር፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2 ተባዝቶ 40 ብር፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ 50 ብር ይሆናል። አንዳንድ ሒሳብ ክፍል ግን ወሩን በ30 ቀን ያካፍላል። ያኔ የሰዓቱ ክፍያ ወደ 17 ብር ከ33 ሳንቲም ይወርድና 30 ብር የነበረው 26 ብር ይሆናል። የአራት ብር ልዩነት ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ሕጉ በሚፈቅደው ጣሪያ፣ በሳምንት 12 ሰዓት ለአራት ሳምንት ለሠራ ሰው ግን 192 ብር ነው። በመስመሩ ላይ ባሉት ሰዎች ሁሉ ሲባዛ ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ያስላው። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ደግሞ በትርፍ ሰዓትም ሆነ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ሥራ ላይ ጨርሶ አትመደብም፤ «ራሷ ፈልጋ ነው» የሚለው መልስ አያስኬድም።

ብዙ መብት የሚጠፋው ግን በአሠሪው ክፋት ብቻ አይደለም፤ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ ገደብ በማለፉም ነው። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚችለው በሦስት ወር ውስጥ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ይዘጋል። በእኛ አገር ልማድ ደግሞ ነገር በሽምግልና ይጀመራል፤ ተወካዩ ሥራ አስኪያጁን ያነጋግራል፣ «እናየዋለን» ይባላል፣ በዓል ይመጣል፣ ሥራ አስኪያጁ መስክ ይወጣል፣ ሦስቱ ወር ያልቃል። «እናየዋለን» የሚል የቃል መልስ ይርጋን አያቋርጥም። የሚያቋርጠው ጉዳዩን ለሚመለከተው የሥራ ክርክር ሰሚ ወይም ለመንግሥት አስፈጻሚ አካል ማቅረብ፣ አለዚያም አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ስለዚህ ጥሩ ተወካይ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የስንብት ደብዳቤው የተሰጠበትን ቀንና ሦስቱ ወር የሚሞላበትን ቀን ጎን ለጎን ይጽፋል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን በጊዜው ይግባ።

ከሁሉ አጭሩ ጊዜ የወሲባዊ ትንኮሳ ጉዳይ ነው። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከፈጸመባት ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቃ ከሥራ ስንብት ክፍያው በተጨማሪ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ ማግኘት ትችላለች። ይህን መብት የምትጠቀምበት ጊዜ ግን 15 የሥራ ቀን ነው፤ ምክንያቷንም በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት። አድራጊው የሥራ ባልደረባ ከሆነ ነገሩ ለአሠሪው ደርሶ አሠሪው ተገቢውን እርምጃ አለመውሰዱ መታየት አለበት። ሪፖርቱ በጽሑፍ ገብቶ በቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ካልተመታበት ይህን ማስረዳት አበሳ ነው። እዚህ ላይ «የቤታችን ገመና አይውጣ» የሚል የማኅበር አመራር በየቦታው አለ። የማኅበሩን ስም የጠበቀ ይመስለዋል፤ የሚያስቃጥለው ግን የሴቷን ቀን ነው።

ተወካዩ ራሱስ? በማኅበር አባልነት ወይም በተወካይነት ምክንያት የሚደረግ ስንብት ሕገወጥ ነው፤ ይህ ከተረጋገጠ ችሎቱ ወደ ሥራ እንዲመለስ ያዛል። ስለዚህ ብልጥ አሠሪ አያባርርም፤ ይሾማል። «ሱፐርቫይዘር» ወይም «አስተባባሪ» ብሎ ሲያበቃ «አሁን የሥራ መሪ ነህ፣ አዋጁ አይመለከትህም» ይለዋል። መለኪያው የመደቡ ስም አይደለም፤ የሥራ አመራር ፖሊሲ የማውጣት ወይም የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን በእርግጥ አለው ወይ ነው። ሹመት ሲመጣ የሥልጣን ዝርዝሩ በጽሑፍ ሳይታይ መፈረም የለበትም።

ስለ ስብሰባ ሰዓትም ልበል። ጠቅላላ ጉባኤ ከፈረቃ መውጫ በኋላ ሲጠራ ሰርቪሱ ይሄዳል፤ ልጅ ያላት እናት፣ ከከተማ ዳር የምትኖር ወጣት አትቀመጥም። አብዛኛው ሠራተኛ ሴት በሆነበት ፋብሪካ የተመረጠው ኮሚቴ በሙሉ ወንድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አዋጁ ለማኅበር መሪዎች ለድርድር፣ ለክርክርና ለስብሰባ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል፤ አፈጻጸሙ በኅብረት ስምምነት ሊወሰን ይችላል። የአባላት ስብሰባ በሥራ ሰዓት እንዲሆን ወይም ሰርቪሱ እንዲዘገይ መደራደር ይቻላል። ለድርድር የቀረበ የጽሑፍ ጥሪ የደረሰው አሠሪ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ማኅበሩ ግን ረቂቁን ሳያዘጋጅ ጥሪውን ከላከ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው። ረቂቁን ነባሩ ስምምነት ከማለቁ ቢያንስ ሦስት ወር አስቀድሞ መጀመር ይበጃል።

በየስድስት ወሩ የሚታደስ ውል ያላቸውም አይረሱ። አዋጁ የሥራ ውልን በመርህ ደረጃ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጥረዋል፤ ለተወሰነ ጊዜ መዋዋል የሚቻለው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ በሚሠራ መስመር ላይ ውሉ አራት ጊዜ ታድሶ ማርገዟ ሲታወቅ አምስተኛው የሚቀርባት ሠራተኛ «ውሌ አለቀ» ብላ ዕቃዋን መሰብሰብ የለባትም። ተወካዩም «እሷ አባል አይደለችም» ከማለቱ በፊት የአባልነት ቅጽ ሰጥቷት ያውቅ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ጋዜጣችሁ ከሠራተኛ ገጹ ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ቢለቅ፣ 15 የሥራ ቀን፣ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር የሚሉትን ከነትርጉማቸው በየጊዜው ብታወጡ መልካም ነው። ቆርጦ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ ማኅበር አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር
በሠራተኛ ማኅበራት ሥልጠና ላይ የምንሠራ አንባቢዎች፣ ከአዲስ አበባ