መንቀጥቀጡን ጻፋችሁ፣ የሹራቡስ ቁልፍ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ናችሁ? ስለ ፓርኪንሰን ሕመም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እንቅስቃሴን የሚያግዘውን ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመርቱት የአንጎል ሴሎች እየሞቱ መሄዳቸውን፣ የእጅ መንቀጥቀጡን፣ ሌቮዶፓ የሚባለውን መድኃኒት ሁሉ ነካ ነካ አድርጋችኋል። ጥሩ ነው። ግን ሰውየው ጠዋት ተነስቶ ልብሱን እንዴት ነው የሚለብሰው? ስለ ኦኩፔሽናል ቴራፒ፣ ማለትም ሕመምተኛው እንደ መልበስና መጻፍ ያሉ የዕለት ሥራዎቹን ራሱ እንዲሠራ ስለሚያግዘው ሕክምና፣ አንዲት መስመር እንኳን የለም።

አልፈርድባችሁም። እኔም ስሙን መጀመሪያ ስሰማ ሥራ ለፈታ ሰው የሚሰጥ ሥልጠና መስሎኝ ነበር።

እናቴ ከታመመች ስድስት ዓመት ሆናት። ሐኪሙ በየቀጠሮው እጇን ያያል፣ ያስኬዳታል፣ የመድኃኒቱን መጠን ያስተካክላል፣ አለቀ። «ቤት ውስጥ ምን አቃተዎት?» ብሎ የጠየቃት የለም። ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ የተላክነው ከወደቀች በኋላ ነው፣ እሱም ስንጨቀጭቅ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ባለሙያዋ ቤት ስትመጣ ምንም መሣሪያ አላወጣችም። «እስቲ ሹራብዎን ይልበሱልኝ» አለቻት። እኔ እንደ ልማዴ ቁልፉን ልቆልፍላት ዘልዬ ስነሳ በዓይኗ አስቆመችኝ። እናቴ ቆማ፣ እያወራች፣ ያውም መድኃኒቷን ገና እንደዋጠች ነበር የምትለብሰው። ለካ ሦስቱም አይሆኑም። መድኃኒቱ እስኪይዝ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ልብስ የሚለበሰው ከያዘ በኋላ ነው። ቁጭ ተብሎ። ወሬ ቆሞ። ፓርኪንሰን መጀመሪያ የሚያበላሸው ሳናስብ የምንሠራውን ነገር ነው፣ ድሮ እጅ በራሱ የሚጨርሰውን አሁን እያሰቡ ማዘዝ ያስፈልጋል፣ እና መሃል ላይ «ማን ነው የደወለው?» ካልካት ጣቷ እዚያው ቁልፉ ላይ ቀጥ ይላል። ለስንት ዓመት በወሬ ስናስቸግራት ኖረናል!

በር ላይ ስትደርስ ደግሞ እግሯ ከወለሉ ተጣብቆ ይቀር ነበር። እኛ እጇን ይዘን እንጎትታለን። የወደቀችውም ስንጎትታት ነው። ባለሙያዋ ቀለም ያለው ፕላስተር በእርምጃ ልክ ወለሉ ላይ አግድም አግድም ለጠፈችና «መስመሩን ይሻገሩት» አለቻት። ተሻገረችው። አስማት አይደለም፤ ከውስጥ የሚመጣው የእርምጃ ትእዛዝ ሲዳከም ዓይን የሚያየው ምልክት ያግዘዋል። ጮክ ብሎ መቁጠርም እንዲሁ። ፊርማዋም ደቆ ደቆ የጉንዳን እግር አክሎ ነበር፣ አሁን የተሰመረ ወረቀት ላይ «ትልቅ፣ ትልቅ» እያለች ስትጽፍ ይነበባል። ምንጣፍ ማንሳቱን፣ መታጠቢያ ቤት መያዣ ብረት መግጠሙን ማንም ስለሚገምተው አልዘረዝረውም።

የእኛ ቤት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት 191 ሕሙማን ተሳትፈዋል። ባለሙያ 10 ሳምንት ቤታቸው እየሄደ የረዳቸው፣ ራሳቸው በመረጧቸው የዕለት ሥራዎች ላይ ለውጥ ማግኘታቸውን ተናግረዋል። ተቃራኒውንም ልንገራችሁ፤ በ2016 የወጣው የብሪታንያ ጥናት፣ 762 ሰዎች የነበሩበት፣ ከፊዚዮቴራፒ ጋር አብሮ ተሰጥቶ የረባ ለውጥ አላየም። ግን እዚያ ሕመሙ ገና ያልከፋባቸው ሰዎች ነበሩ የተመረጡት፣ የታዩትም አራት ጊዜ ያህል ነው። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን እናቴን ሹራቡ ብቻ ከአራት ቀን በላይ ፈጅቶባታል።

ሌላ ጊዜ ስትጽፉ ሐኪም ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ ባለሙያዎችም አንዱን አነጋግሩ። ስታነጋግሩ ደግሞ ሌሊት አልጋ ላይ ስለመገላበጥ ጠይቁልኝ። ለስለስ ያለ፣ የሚያንሸራትት አንሶላ ሞክረናል፣ ትንሽ ረድቷል፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አሁንም ትጠራኛለች።

አንባቢያችሁ