ቤት የሚማሩ ልጆቻችንን ለፈተና ስለማስመዝገብ

ሰላም የለንደን ወላጆች፣

ልጆቻችን የሜይና ጁን ፈተና የሚቀመጡበትን ማዕከል ቶሎ መወሰን አለብን። ለዚህም የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ2 ሰዓት (በለንደን አቆጣጠር)፣ እንደተለመደው ቤተ መጻሕፍቱ ፎቅ ላይ እንገናኝ።

መደበኛው ምዝገባ ብዙውን ጊዜ ፌብሩዋሪ 21 ይዘጋል። ለግል ተፈታኝ (እንደ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሳይመዘገብ ለሚፈተን) ያለው ቦታ ግን ከዚያ በፊት ሊሞላ ይችላል። ቀኑ ካለፈ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ያው ሁሉም ከኪሳችን ነው።

እኔ በበኩሌ ከጂሲኤስኢ (እዚህ ተማሪዎች 16 ዓመት አካባቢ ከሚወስዱት ፈተና) ይልቅ ዓለም አቀፉ ዓይነት፣ አይጂሲኤስኢ፣ ይሻላል ባይ ነኝ። አብዛኛው ትምህርት በጽሑፍ ፈተና ብቻ ያልቃል፤ ልጁ ከፈተናው ውጭ የሚሠራውን ለውጤት የሚያዝ ሥራ የሚያርም ትምህርት ቤት ፍለጋ አንንከራተትም። ኤዴክሴል የተባለው ፈተና አዘጋጅ ድርጅት በሚያወጣው የአይጂሲኤስኢ ሒሳብ ደግሞ ሁለቱም ወረቀቶች ላይ ካልኩሌተር ይፈቀዳል። በጂሲኤስኢ የመጀመሪያው ወረቀት ያለ ካልኩሌተር ነው። የየልጃችሁን አቅም ግን እናንተ ታውቃላችሁ።

ስትመጡ የልጁን ፓስፖርት ኮፒና የሚፈተናቸውን ትምህርቶች ከነኮዳቸው ያዙ። በዲስሌክሲያ (የማንበብና የመጻፍ ችግር) ወይም በሌላ ምክንያት ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው ልጅ ካለ አሁኑኑ በውስጥ መስመር ንገሩኝ፤ ማስረጃ ማሰባሰቡ ጊዜ ይወስዳል።

እኛ ስንነጋገር ልጆቹ ጎን ባለው ክፍል ያለፈ ዓመት የሒሳብ ፈተና ሁለት ሰዓት ሙሉ ይሠራሉ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ማጥናት ለለመደ ልጅ ቀላል አይደለም፣ ይልመዱት። ጥቁር እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ፣ ካልኩሌተርና ውስጡ የሚታይ የእስክሪብቶ ቦርሳ ይያዙ። ስልክና የእጅ ሰዓት ቤት ይቅር፤ በእውነተኛው ፈተና ተራ የእጅ ሰዓት እንኳ ክልክል ነው።

እስከ ሐሙስ ማታ የልጁን ዕድሜና የሚፈተናቸውን ትምህርቶች ጻፉልኝ። የማትመጡም ብትሆኑ መልሱልኝ፣ ለማዕከሎቹ ቁጥሩን መንገር አለብኝ።