ሳልሞኑ የት ገባ? የዲጂታል ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ርዕስ ብዙ ሰው ግራ አጋብቷል። "ላሊበላና ጎንደር እያሉላችሁ ጃፓን ምን ወሰዳችሁ?" ያሉን መምህራን አሉ። አይኑ የሚለውን ስም የሰማ ተማሪ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የማን ዓይን?" ብሎ ነው። ቀልዱ እስከ ገና ድረስ አላረጀም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። አይኑ በሰሜን ጃፓን፣ በተለይ ሆካይዶ በምትባለው ትልቅ ደሴት ላይ የሚኖር ነባር ሕዝብ ነው። ቋንቋው ከጃፓንኛ ጋር አይዛመድም። የጃፓን ፓርላማ ነባር ሕዝብነታቸውን በውሳኔ የተቀበለው በ2008 ነው፤ በሕግ የሰፈረው ደግሞ በ2019። (የጃፓን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ለምን እነሱ? እዚያ ሰው ስላለን። የትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪ የነበረች ልጅ ሳፖሮ ውስጥ በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትማራለች። ጥቅምት ላይ በክበቡ የቴሌግራም ግሩፕ "በረዶው ሳይመጣ ምን ላንሳላችሁ?" ብላ ጻፈች። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ዓይናችንም ጆሯችንም እሷ ሆነች። እኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ክበብ ስንጀምር እሷ ዘንድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ደክሟት እንኳ ስልክ ሳታነሳ የቀረችበት ቀን ትዝ አይለኝም። ተማሪዎቹ "የሳፖሮዋ እህታችን" ይሏታል፤ እኔም በዚሁ ልቀጥል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ሥራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልጣመኝም። የባህል ቡድኑ የአራት ደቂቃ ቪዲዮ ሠራ። ጺማቸው የረዘመ ሽማግሌዎች፣ ከዛፍ ልጥ የተሸመነ ልብስ፣ ድብ፣ ጫካ። ከበስተጀርባ ዋሽንት፤ ያውም የኛው ዋሽንት! ተራኪው "ይኖሩ ነበር፣ ያድኑ ነበር፣ ይዘፍኑ ነበር" እያለ ይቀጥላል። ሲያልቅ አንድም በሕይወት ያለ አይኑ አላየንም። ኤዲቲንጉ ንጹሕ ነው፤ ልጆቹም ለፍተውበታል። ግን ፈረንጅ እኛን በድርቅ ፎቶና በከንፈር ሸክላ ብቻ ሲያሳየን እንናደድ የለም እንዴ? ይህንኑ ነገርኳቸው። ትንሽ አኮረፉ።

ከዚያ አንድ ደንብ አወጣን። ማንኛውም ሥራ ዛሬ ባለችው ሳፖሮ ካርታ ላይ አንድ ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ሰው ሄዶ ሊቆምበት የሚችል ቦታ። "በጫካ ውስጥ" ብሎ ነገር የለም፤ የትኛው መንገድ፣ የትኛው ጣቢያ፣ የትኛው ድልድይ። የባህል ቡድኑና የከተማ ቡድኑ የተቀላቀሉት ያኔ ነው። ሥራው ነፍስ የዘራውም ከዚያ በኋላ ነው ባይ ነኝ።

ሳፖሮ ለዚህ ደንብ ምቹ ከተማ ናት። ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አላት፤ ግን ከተማ ሆና የተቆረቆረችው የጃፓን መንግሥት በ1869 ሆካይዶን የሚያለማ ልዩ መሥሪያ ቤት ካቋቋመ ወዲህ ነው። መንገዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ናቸው። አድራሻው ቁጥር ነው፦ የሳፖሮዋ እህታችን ዩኒቨርሲቲ "ሰሜን 8 ምዕራብ 5" ላይ ይገኛል። "ከታክሲ ወርደህ፣ ሱቁን አልፈህ፣ ስትደርስ ደውልልኝ" እያሉ ላደጉት ልጆቻችን ይህ ተአምር ነበር። ካርታውን እያጎሉ ሲጫወቱ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አለቀ።

ተአምሩን የኋላ ኋላ በሌላ ዓይን እንዲያዩት ያደረጉት አራት የ11ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የአንድ ደቂቃ ከሩብ አኒሜሽን ሠሩ፤ ፎቶ በፎቶ እየገጣጠሙ። ባለቀለም ወረቀት ቆርጠው ወንዙን፣ ረግረጉንና በወንዙ ዳር ያሉትን የአይኑ ቤቶች አነጠፉ። ስልኩን በተገለበጠ ዱካ እግሮች መካከል በጫማ ማሰሪያ አንጠልጥለው ወደ ታች አነጣጠሩት። ከዚያ ነጭ ክር አንድ በአንድ፣ አንዴ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ አንዴ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ በወረቀቱ ላይ ይዘረጋሉ። እያንዳንዱ ክር ሲወርድ አንድ ቤት ይነሳል። ብርሃኑ ከመስኮት ስለነበር ደመና ባለፈ ቁጥር ሥዕሉ ይጨልማል፣ ይበራል። እንደገና በአምፖል ለመቅረጽ አስበው ነበር። እኔ ተውት አልኩ፤ ቀኖች ሲያልፉ ይመስላል።

በአኒሜሽኑ ላይ ድምፅ የለም። ሦስት ዓመተ ምሕረቶች ብቻ ይወጣሉ። 1878፦ በሳፖሮ አካባቢ ወንዞች ሳልሞን የተባለውን ዓሣ ማጥመድ ተከለከለ። 1899፦ አይኑዎችን መሬት ሰጥቶ ገበሬ ለማድረግ፣ ልጆቻቸውንም በጃፓንኛ ለማስተማር የታለመ ሕግ ወጣ። 1997፦ ያ ሕግ ተሻረ። ልብ በሉ፣ ሕጉ 98 ዓመት ቆይቷል። አንዷ አርታዒ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቁጥር በጥቁር ስክሪን ለያየቻቸው፤ ጥቁሩ ለዘጠኝ ሰከንድ ይቆያል። የተመለከተው ሁሉ "ላፕቶፑ ጠፋ እንዴ?" ይላል።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ግን ሳልሞኑ ነው።

በሳፖሮ መሀል ቶዮሂራ የሚባል ወንዝ ያልፋል። ሳልሞን ከባሕር ተመልሶ፣ ወንዝ ሽቅብ ወጥቶ፣ በተወለደበት አካባቢ እንቁላሉን ጥሎ የሚሞት ዓሣ ነው። ለአይኑዎች ዋና ምግብ ነው፤ ከቆዳው የክረምት ጫማ ይሠሩ ነበር፤ የወቅቱን የመጀመሪያ ሳልሞን የሚቀበሉበትም ሥርዓት አላቸው። ከተማዋ ስታድግ ወንዙ ቆሸሸ፤ በ1950ዎቹ ሳልሞኑ ጠፋ። በ1978 የከተማው ነዋሪዎች "ሳልሞን ይመለስ" ብለው ተነሱ። በዓመቱ የዓሣ ጫጩቶች ተለቀቁ፤ በ1981 ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ተመለሱ። በ1984 የሳልሞን ሙዚየም ተከፈተ። ዛሬ ያለማንም እርዳታ በወንዙ ውስጥ የሚራቡም አሉ። እስካሁን ያለው የከተማው ታሪክ ነው፤ ሳፖሮዎች በኩራት ያወሩታል።

ልጆቻችን ያገኙት ሌላ መስመር አለ። በ1982፣ ዓሣው በተመለሰ ማግስት፣ አይኑዎች የመጀመሪያውን ሳልሞን የመቀበያ ሥርዓት እዚያው ቶዮሂራ ዳር፣ ድልድይና ሕንፃ ባለበት፣ እንደገና ጀመሩ። ዓሣውን ከወንዝ ለማጥመድ ግን ለሥርዓቱም ቢሆን ከአገረ ገዢው ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። በምሥራቅ ሆካይዶ ያለ አንድ የአይኑ ማኅበር በወንዝ ማጥመድ መብታችን ነው ብሎ ከስሶ ነበር፤ የሳፖሮ ፍርድ ቤት በ2024 ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። የ10ኛ ክፍሎቹ ይህን ሲያነቡ ቪዲዮ ሊሠሩ የነበረውን ትተው ጌም ካልሠራን አሉ።

ጌሙን ስክራች በሚባለው ለተማሪዎች በተዘጋጀ የፕሮግራም መሥሪያ ሠሩት። ተጫዋቹ ሳልሞን ነው። ከባሕር ተነስተህ ወንዙን ሽቅብ ትወጣለህ። መጀመሪያ ግን ዓመት ትመርጣለህ። 1860ን ከመረጥክ ወንዙ ጠመዝማዛ ነው፤ ሁለት የአይኑ አጥማጆች አሉ፤ ካመለጥካቸው ትደርሳለህ። 1980ዎቹ ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል። 1955ን ከመረጥክ ምንም ብታደርግ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ትሞታለህ። ኤግዚቢሽኑ ላይ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ደጋግሞ ሞክሮ ሲያቅተው "ጌሙ ተበላሽቷል" ብሎ ከሰሰ። የሠራው ልጅ "አልተበላሸም፣ ሌላ ዓመት ምረጥ" አለው። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልጨመርንበትም። አንዳንድ መምህራን ጽሑፍ ይለጠፍበት ብለው ነበር፤ እኔ ደግሞ ጌም ላይ ማስታወሻ የሚያነብ ልጅ አይቼ አላውቅም።

የድምፅ ቡድኑ ብዙ አስቆናል። የሳፖሮዋ እህታችን በስልኳ የቀረጸችውን ድምፅ በካርታ ላይ እየለጠፉ ነበር። በረዶ ላይ የሚንቋቋ ጫማ፣ የምድር ባቡር በር፣ የወንዝ ድምፅ። አንዱን ቅጂ "በመሀል ከተማ የሚዘምር ወፍ" ብለው ሰየሙት። ያምራል፤ ኩኩ፣ ኩኩ ይላል። ልጅቷ ስትሰማ ከሳቋ መልስ "የእግረኛ መብራት ነው" አለች። ጃፓን ውስጥ ዓይነ ስውራን መሻገሪያውን እንዲያውቁ መብራቱ በወፍ ድምፅ ይጮኻል። ስሙን ቀይረው ቅጂውን አስቀሩት።

ሙኩሪ የሚባለውን የአይኑ መሣሪያ ለመሥራት የሞከሩም አሉ። ቀጭን የቀርከሃ ሰሌዳ ነው፤ መሀሉ ምላስ ይኖረዋል፤ ከንፈር ላይ አስጠግተው ክሩን ሲስቡት አፍ ውስጥ ይንዘረዘራል። የኛዎቹ ቀርከሃ አገኙ፣ ቆረጡ፣ ሞረዱ። የወጣው ለሃጭ ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፁን በተፈቀደ ቅጂ ተክተነዋል። እዚህ ላይ ጥብቅ ነበርኩ፤ ከዩቲዩብ የሥርዓት ዜማ አውርዶ ከሥር ማጫወት አይቻልም አልኩ። የጸሎት ዜማ ነው። ቅዳሴያችንን ሰው ለማስታወቂያ ቢያጫውተው ምን ይሰማናል?

በጉጉቷ ነገር ደግሞ ያልጠበቅነው ገጠመን። ሳፖሮ የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ ሚናፓ የሚባል የአይኑ ጥበብ የሚታይበት ቦታ አለ። እዚያ ክንፏን የዘረጋች ትልቅ ጉጉት አለች። ለአይኑዎች ያቺ ጉጉት መንደር ጠባቂ ናት። ለኛ ግን ጉጉት ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ልጆቹ ዓይኗ የሚበራ፣ አንገቷ የሚዞር ፖስተር በፕሮጀክተር ሠርተው በሩ ላይ አሳረፏት። የወላጆች ቀን አንዲት አያት ገና ሲገቡ አዩአትና "በስመ አብ!" ብለው ተመለሱ። የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ አስረድቶ አስገባቸው። ሲወጡ "ለነሱ ትሁናቸው" አሉ። ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ ሚዛናዊው እሱ ነው።

በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ግን ልጆቹን ይበልጥ የያዛቸው የፊደል ነገር ነው። አይኑኛ ዛሬ የሚጻፈው በላቲን ወይም በጃፓን ካታካና ነው። ካታካናው ለብቻቸው የሚቆሙ ተነባቢዎችን ስለማይጽፍ ተጨማሪ ትናንሽ ፊደላት ተሠርተውለታል። በቁጥር 16 የሆኑ እንዲህ ያሉ ፊደላት በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል መለያ፣ በዩኒኮድ፣ የተመዘገቡት በ2002 ነው። የኛ ፊደል የገባው በ1999። በሦስት ዓመት ብቻ ቀደምናቸው! በኛ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ እነዚያ ትናንሽ ፊደላት ባዶ ሳጥን ሆነው ወጡ። ይህን ደግሞ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖበት ያልተናደደ ኢትዮጵያዊ የለም። ሁለት ልጆች ፎንት ፈልገው በሁሉም ማሽን ላይ ጫኑ። ከዚያም የአይኑኛ ሰላምታዎችን በሦስት ፊደል የሚያሳይ አጭር ገጽ ሠሩ።

ያልተሳኩትን በአጭሩ። የአይኑን ባህላዊ ቤት በኮምፒውተር በሦስት አቅጣጫ (ስሪ ዲ) ለመሥራት የተጀመረው ሥራ ቆሟል፤ ማሽኖቻችን ፕሮግራሙን አይችሉም። በ2021 ድብ ወደ ሳፖሮ ገብቶ አራት ሰው ያቆሰለበትን ቀን የሚተርከው ፖድካስት ግማሽ ላይ ነው። የወላጆች ቀን መብራት ሄደ፤ በባትሪ ተረፍን። ጌሙ የወረፋ ወረቀት እስኪፈልግ ድረስ ተጨናንቆ ነበር።

የሚቀጥለውን ዓመት ርዕስ ልጆቹ ራሳቸው መርጠዋል። ጌሙን ለቀበና ወንዝ ሊሠሩት ነው፤ ተጫዋቹ ምን ይሁን በሚለው አልተስማሙም። ቀበና ዳር የኖሩ፣ ወንዙ ንጹሕ ሳለ የሚያስታውሱ አያቶች ያሏችሁ ተማሪዎች ንገሩን፤ ድምፃቸውን በፈቃዳቸው እንቀርጻለን። የሳፖሮዋ እህታችን አንድ ዓመት ይቀራታል፤ ፖድካስቱን አብራን ትጨርሳለች። ምዝገባ መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ በኮምፒውተር ክፍል ነው። ሄድፎን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የክበቡ ሄድፎኖች ሁሉም በአንድ ጆሮ ነው የሚሠሩት።